መልሕቁ፣ ጀልባውና የመስታወት ሣጥኑ፦ የአንድ ባሕር ሙዚየም ወርክሾፕ የዓመት ማስታወሻ

ወር 1፦ ገንዳው

ሦስት ሥራ፣ ሦስት የገንዘብ ምንጭ። አንደኛው ከባሕር የወጣ የብረት መልሕቅ፣ ሁለተኛው ለብዙ ጊዜ ደጅ የቆመ የ7 ሜትር የእንጨት ጀልባ፣ ሦስተኛው የመርከብ ሞዴሎች የሚታዩበት የመስታወት ሣጥን። ለመልሕቁና ለጀልባው የተሰጠው ገንዘብ የታሰረ ነው፤ ከተባለለት ዕቃ ውጭ አይነካም። ሣጥኑ በዓይነት የመጣ ስጦታ ነው። ያልታሰረው ገንዘብ አባላት በየወሩ የሚያዋጡትና ጎብኚ በር ላይ የሚጥለው ነው፤ ትንሽ ነው።

ቅድሚያው ለመልሕቁ ነው፤ እሱ አይጠብቅም። ባሕር ውስጥ የኖረ ብረት በዝገቱ ሥር ክሎራይድ፣ ማለትም ከባሕር ጨው የሚመጣውን ክፍል፣ አጭቆ ይይዛል። እርጥብ እስከሆነ ድረስ ጥፋቱ ዝግ ይላል። ደርቆ አየር ሲያገኝ ግን ክሎራይዱ አዲስ ዝገት ይቀሰቅሳል። አዲሱ ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ከውስጥ ይገፋል፣ ገጹን ይሰነጥቃል፣ ቀጥሎም ብረቱ በንብርብር እየተላጠ ይረግፋል። ላዩ ላይ ቡናማ ጠብታ ማቸፍቸፍ ከጀመረ ነገሩ ተጀምሯል ማለት ነው። መልሕቁ ስለዚህ ክሎራይዱ የሚወጣበት ገንዳ እስኪደርስ በእርጥብ ጆንያና በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በየቀኑ ውኃ እየተረጨበት ቆየ።

የገንዳው ልክ፦ ውስጡ 3.6 በ1.8 ሜትር፣ የፈሳሹ ጥልቀት 80 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 5,184 ሊትር። 2 በመቶ የኮስቲክ ሶዳ ውህድ ለመሥራት 104 ኪሎ ገደማ ሶዳ ይገባል፤ የ25 ኪሎ ጆንያ አራት ሙሉና ከአምስተኛው ጥቂት። ሶዳው ወደ ውኃ ይጨመራል እንጂ ውኃ ሶዳ ላይ አይደፋም፤ ሲሟሟ ይግላል፣ ይፈናጠራል። ጓንቱ እስከ ክርን የሚደርስ፣ የፊት መከላከያው ሙሉ፣ የዓይን ማጠቢያው ገንዳው አጠገብ መሆን አለበት። ሌላ ክፍል ያለ ማጠቢያ እንደሌለ ይቆጠራል።

ገንዳው ከፖሊፕሮፒሊን ሰሌዳ በፕላስቲክ ብየዳ ተሠራ፤ ከውጭ በብረት ፍሬም ታሰረ። ፍሬሙ ከሌለ የፈሳሹ ክብደት ጎኑን ያሳብጠዋል። እስከዚህ ጥሩ። የማፍሰሻው ቧንቧ መገጣጠሚያ ግን ከመጋዘን የተነሳ፣ ዚንክ የተቀባ ብረት ነበር። ኮስቲክ ሶዳ ዚንክንም አሉሚኒየምንም ይበላል፤ ሲበላም ሃይድሮጅን ያወጣል። ብዙም ሳይቆይ በጥርሱ በኩል መንጠባጠብ ጀመረ። ፈሳሹን በሙሉ ወደ በርሜል ገልብጦ በፒቪሲ ቫልቭ መተካት ግድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ገንዳው አጠገብ የአሉሚኒየም መሰላል፣ ባልዲም ሆነ የመለኪያ ዘንግ አይቀመጥም።

ገንዘብን በተመለከተ የመጀመሪያው እንቅፋት ወለሉ ነው። ገንዳው ቢሰነጠቅ ፈሳሹን የሚይዝ ግድብ በዙሪያው ያስፈልጋል፤ የተለመደው ልክ ገንዳው ከሚይዘው 110 በመቶ ነው፣ ማለትም ለዚህኛው 5,700 ሊትር ገደማ። ሂሳብ ክፍል «ይህ ግንባታ እንጂ ሕክምና አይደለም» አለ። ትክክል ነው፤ ስምምነቱ ላይ የሰፈረው «ለመልሕቁ እንክብካቤ» ብቻ ነው። ለለጋሹ ከነንድፉ ደብዳቤ ተጻፈ፤ ፈቃዱ እስኪመጣ ሲሚንቶ አልተቦካም። ከዚያ በኋላ በሚፈረም ማንኛውም ስምምነት የሚገባው አገላለጽ «ለዕቃው ሕክምና፣ ለዚያም ለሚያስፈልገው ቦታ፣ መሣሪያ፣ ውኃ፣ ኃይልና ፍሳሽ ማስወገጃ» የሚል ነው። «ቀሪ ገንዘብ ካለ ለተመሳሳይ የብረት ዕቃዎች ይውላል» የሚለውም ይጨመራል።

ወር 2፦ ቅርፊቱ

በመልሕቁ ዙሪያ የተጋገረው ቅርፊት ኖራ፣ አሸዋ፣ ዛጎልና ዝገት አንድ ላይ የረጋበት ነው። ማንሻው መሮና መዶሻ፣ ለጥቃቅኑ ደግሞ በታመቀ አየር የሚሠራ ትንሽ መሮ ነው። ምቱ ወደ ብረቱ ገጽ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ቅርፊቱ በራሱ ስንጥቅ ይለቃል። መሮውን አጋድሞ ፈልቅቆ ለማንሳት የሞከረ የዝገቱን ገጽ ይዞ ይነሳል፤ የመልሕቁ የቀድሞ ቅርጽ ያለው ደግሞ እዚያ ገጽ ላይ ነው። አንድ ሰው ይመታል፣ አንድ ሰው ውኃ ይረጫል፣ ከእያንዳንዱ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር በኋላ ፎቶ ይነሳል።

ይህ መልሕቅ በቀጠቀጣ የተሠራ ብረት በመሆኑ ዕድለኛ ነው። ተቀልጦ የተጣለ ብረት፣ እንደ መድፍ ያለው፣ ብረቱ ከላይኛው ሽፋን ተሟጥጦ ግራፋይቱ ብቻ ይቀራል። ቅርጹ ሙሉ ይመስላል፤ በጥፍር ግን ይፋቃል። እሱ ላይ መዶሻ አይታሰብም።

ቀለበቱ ጋ ሥራው ቆመ። በዱሮ መልሕቆች ቀለበቱ ገመዱን እንዳይበላ ራሱ በቀጭን ገመድ ይጠቀለል ነበር፤ በዚህኛው ላይ የዚያ ጥቅል ርዝራዥ ቅርፊቱ ውስጥ ተቀብሮ ተገኘ። ቃጫው በዝገት ተነክሮ ጠቁሯል፤ ግን የአጠማዘዙ አቅጣጫ ገና ይለያል። ኮስቲክ ሶዳ ቃጫንና እንጨትን ያፈርሳል። ስለዚህ በቀለበቱ ዙሪያ ያለው ቅርፊት እንዳለ በክፍል በክፍል ተፈልቅቆ ንጹሕ ውኃ ያለበት ክዳናም ሳጥን ውስጥ ገባ፣ ቁጥር ተሰጠው፣ ቀዝቃዛ ቦታ ተቀመጠ። አግድም የሚገባውን እንጨት የሚይዘው የብረቱ ጫፍም ላይ የእንጨት ጭረት ነበር፤ እሱም እንደዚያው።

ለገመድ በበጀቱ ላይ መስመር የለም። ቅርፊት ያለው ነገር ሁሉ ውስጡ ምን እንዳለ ሳይከፈት አይታወቅም፤ ከባሕር ለሚወጣ ዕቃ መጠባበቂያ ገንዘብ ካልተያዘ በጀቱ ምኞት ነው።

ወር 3፦ ከረንት

የኤሌክትሮሊሲስ፣ ማለትም ክሎራይዱን በኤሌክትሪክ ከረንት የማውጣት፣ አሠራሩ ቀላል ነው። መልሕቁ ከኔጌቲቭ ይያያዛል፤ በዙሪያው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ርቆ የሚንጠለጠለው የብረት ወንፊት ከፖዘቲቭ። ክሎራይዱ አሉታዊ ስለሆነ ከመልሕቁ ወጥቶ ወደ ወንፊቱ ይሳባል። ገመዶቹ ከተገላበጡ ግን የሚሟሟው መልሕቁ ነው፤ የዓመታት ጥበቃ በአንድ ሌሊት ይበላሻል። ስለዚህ የኬብሎቹ ጫፎች በቀለም ተለይተዋል፣ ቅርጻቸውም የተለያየ ነው፤ ማብሪያው በሁለት ሰው ፊት ይበራል። የመጨረሻው ማረጋገጫ አረፋው ነው፦ መልሕቁ ላይ የሚወጣው ሃይድሮጅን ወንፊቱ ላይ ከሚወጣው ኦክስጅን እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ብዙው አረፋ ወንፊቱ ላይ ከሆነ ወዲያው ይጠፋል።

የከረንቱ ስሌት። የመልሕቁ ገጽ 5 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፣ ማለትም 50,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር። ክሎራይድ ለማውጣት በብዛት የሚጠቀሰው 0.05 አምፔር በካሬ ሴንቲ ሜትር ለሚስማርና ለትንሽ ዕቃ ይሆናል፤ እዚህ ከተወሰደ 2,500 አምፔር ይጠይቃል። ለትልቅ ዕቃ ሥራው የሚሄደው በ0.001 አካባቢ ነው፦ 50 አምፔር። የመኪና ባትሪ ቻርጀር ይህን ቀንና ሌሊት አይችለውም፤ የብየዳ ማሽን ደግሞ ቮልቴጁ አይገራም። የሚያስፈልገው ከረንቱን አጽንቶ የሚይዝ ዲሲ ፓወር ሰፕላይ ነው። በ50 አምፔርና በ4 ቮልት 200 ዋት ብቻ ይበላል። አየር ማውጫው ፋን ከዚህ የበለጠ ይስባል፤ እሱን ደግሞ ማጥፋት አይቻልም።

ሃይድሮጅን ስላለ ገንዳው ይከደናል እንጂ አይታሸግም። በክፍሉ ውስጥ ግራይንደር፣ ብየዳና ሲጋራ የለም። ኬብል ለመንቀል መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ ይጠፋል፤ ሞርሳውን ከመልሕቁ ላይ በቀጥታ መንቀል ብልጭታ ይፈጥራል፣ ብልጭታው የሚወጣው ደግሞ ጋዙ ካለበት ከፈሳሹ ጠርዝ ላይ ነው።

በዚህ ወር ብዙ ጊዜ የወሰደው ንክኪ ነው። የመልሕቁ ክንዶች ከግንዱ፣ ማለትም ከረጅሙ ዋና ብረት፣ ጋር በእሳት ተቀጥቅጠው የተገጠሙ ናቸው፤ መገጣጠሚያው ውስጥ ዝገት ከገባ ክንዱ ከከረንቱ ውጭ ሆኖ ይቀራል። በቴስተር ሲለካ አንደኛው ክንድ ለከረንት ያለው መቋቋም በኦሞች ይቆጠር ነበር፤ ከ1 ኦም በታች መሆን ሲገባው። መፍትሔው በማይታይ ቦታ የሳንቲም ስፋት ያህል እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ መፋቅና በሦስት ቦታ፣ አንዱ በግንዱ ሁለቱ በክንዶቹ፣ የተለየ ሞርሳ ማሰር ሆነ።

ለአኖድ፣ ማለትም ከፖዘቲቭ ለሚያያዘው ወንፊት፣ የማይዝግ ብረት የሚመርጡ አሉ። ተራ ብረት ርካሽ ነው፣ ፒኤቹ (የፈሳሹ የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ) ከፍ እስካለ ድረስም ይቆያል። ፒኤቹ ሲወርድና ክሎራይዱ ሲከማች ግን ወንፊቱ ይበሳሳል፣ ፈሳሹም ቡናማ ይሆናል። ቡናማ ፈሳሽ መልሕቁ «ቆሻሻውን እየለቀቀ» እንደሆነ አድርገው የሚተረጉሙ አሉ፤ እየሟሟ ያለው አኖዱ ነው። በምንም ዓይነት የገበታ ጨው ለማስተላለፊያ አይጨመርም፤ ልናወጣው የምንለፋበትን ክሎራይድ መልሶ ማስገባት ነው፣ ክሎሪን ጋዝም ያወጣል።

ወር 4 እና 5፦ ጀልባው

ጀልባው በሁለት ፈረሶች፣ ማለትም የእንጨት ማስደገፊያዎች፣ ላይ ቆሞ ነው የኖረው። ውኃ የጀልባን ሆድ በሙሉ እኩል ይሸከማል፤ ሁለት ፈረስ ግን በሁለት ነጥብ ብቻ። ጫፎቹ ወረዱ፣ መሐሉ ጎበጠ። ከኪሉ፣ ማለትም ከታች ርዝመቱን ከሚይዘው ዋና እንጨት፣ ጎን ቀጭን ሽቦ ተወጥሮ ሲለካ ጉብጠቱ 38 ሚሊ ሜትር ሆነ። በጃክ አንድ ቀን ገፍቶ ማቅናት ያጓጓል፤ ያን ጊዜ ግን ጣውላው ሳይሆን ሚስማሩ ይበጠሳል። ኪሉ በየ70 ሴንቲ ሜትሩ ተራዳ ተደረገለት፤ ከጫፎቹ ሥር ያለው ሽብልቅ በሳምንት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይገባል፣ ከእያንዳንዱ በኋላ መገጣጠሚያዎቹ ይታያሉ። የጎን ድጋፎቹ እንዳይገለበጥ ብቻ ነው የሚይዙት፤ ክብደት እነሱ ላይ ከተጫነ ሆዱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

እርጥበት፦ ከጀልባው ወለል ሥር፣ ዝናብ ሲጠራቀም በኖረበት ማዕዘን፣ መለኪያው ከ20 በመቶ በላይ ያነባል። ከዚህ በላይ ፈንገስ ይኖራል። የጨው ውኃ ለእንጨት ደግ ነው፤ የሚያበሰብሰው የዝናብ ውኃ ነው፣ በተለይ አየር የማይገባበት ከሆነ። መጀመሪያ የተደረገው ጥገና ሳይሆን ወለሎቹን አንስቶ ማናፈስ ነው። ቶሎ ማድረቅ ግን ሌላ ጥፋት ነው። 20 ዲግሪና 50 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ባለበት አዳራሽ እንጨት ወደ 9 በመቶ ይወርዳል፤ በዚያ ልክ ጣውላዎቹ ተሸማቅቀው ክፍተቱ ይሰፋል። የጀልባው አዳራሽ ስለዚህ በ60 እና በ65 በመቶ መካከል ተይዟል። ብረት ላለበት ክፍል ይህ ይበዛል፤ ለዚህ ነው መልሕቁና ጀልባው ወደፊት አንድ አዳራሽ የማይቀመጡት፣ ምንም እንኳ ሁለቱም ለጋሾች ጎን ለጎን ቢፈልጓቸው።

የብረት ሚስማሮቹ በዙሪያቸው ያለውን ኦክ የተባለ ጠንካራ እንጨት አጥቁረው አለስልሰውታል። ኦክ ውስጥ ያለው ታኒንና ብረት ሲገናኙ እንጨቱ ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል፤ ከዚያ ሚስማሩ መያዝ ያቅተዋል። በስቶክሆልም ሙዚየም ያለችው ጥንታዊ የጦር መርከብ ቫሳ ላይም ዝገቱ ትልቅ ጣጣ ሆኖ ከ5,000 በላይ የብረት ቡሎኖች ከ2011 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በማይዝግ ብረት ተተክተዋል። ለእኛ ጀልባ አማራጩ የመዳብ ሪቬት ከነሮንዴላው፣ ወይም የሲሊኮን ነሐስ ብሎን ነው። ናስ አይሆንም፤ ዚንኩ ተበልቶ የተቦረቦረ መዳብ ይቀራል። የሚወጣው ሚስማር በመጎተት ሳይሆን ውስጡ ባዶ በሆነ ትራፓኖ ዙሪያው ተቆርጦ ይወጣል፤ ቀዳዳው በተመሳሳይ እንጨት ውታፍ ይደፈናል። ከነበረው የሚቀመጠው ይቀመጣል፤ አዲስ የሚገባው እንጨት በማይታየው ገጹ ዓመተ ምሕረት ይቀረጽበታል፣ የሚቀጥለው ትውልድ የትኛው የማን እንደሆነ እንዲለይ።

ማታ ማታ የወርክሾፑ ዋና ማብሪያ ይጠፋል፤ ገንዳው ብቻ በራሱ መስመር ይቀራል። የብሪታንያዋ ታሪካዊ መርከብ ኩቲ ሳርክ በ2007 እ.ኤ.አ. በጥገና ላይ እያለች የተቃጠለችው ሳይጠፋ በተተወ የኢንዱስትሪ ቫኩም ክሊነር ሳይሆን እንዳልቀረ ምርመራው ደምድሟል። ደግነቱ ብዙ ክፍሏ ለጥገና ተነቅሎ ሌላ ቦታ ነበር። የተነቀሉት ጣውላዎች በሌላ ሕንፃ የሚቀመጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ወር 6፦ ክሎራይድ እና የግማሽ ዓመት ሪፖርት

ከገንዳው ናሙና የሚወሰደው ፈሳሹ ከተማሰለ በኋላ ነው፤ ሳይማሰል ከላይ የተቀዳ ናሙና ያታልላል። ምርመራው በብር ናይትሬት ነው። ናሙናው መጀመሪያ በናይትሪክ አሲድ አሲዳማ መሆን አለበት። ኮስቲክ ሶዳ እንዳለ ብር ናይትሬት ቢጨመርበት ክሎራይድ ኖረም አልኖረም ቡናማ ዝቃጭ ይወርዳል። አሲዱ ሲገባ ይሞቃል፣ በጠብታ ነው የሚገባው፤ ከዚያ ብር ናይትሬቱ ሲነካው ክሎራይድ ካለ ነጭ ደመና ይነሳል። የወሩ የመጀመሪያ ናሙና እንደ እርጎ ነጣ። ቁጥሩን ለማግኘት ቲትሬሽን ይሠራል፤ ደመናው አለ ወይስ የለም የሚለውን ብቻ ይናገራል።

ክሎራይዱ ወደ ገንዳው ፈሳሽ መጀመሪያ በፍጥነት ይወጣል፣ ከዚያ ይዘገያል። ግራፉ ከቀናት ይልቅ ከቀናት ስኩዌር ሩት ጋር ቢሣል ወደ ቀጥታ መስመር ይጠጋል፤ ክሎራይዱ የሚወጣው በዲፊውዥን፣ ማለትም ከብዙ ወዳለበት ወደ ጥቂት በዝግታ እየሰረገ፣ ነውና። መስመሩ ሲተኛ ፈሳሹ ይቀየራል። መጀመሪያ የሚሞላው በቧንቧ ውኃ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ዙሮች ብቻ በተጣራ ውኃ። ገና ከጅምሩ የተጣራ ውኃ መጠቀም ገንዘብ መድፋት ነው፣ መልሕቁ ውስጥ ያለው ክሎራይድ ገና ብዙ ነውና።

አሮጌው ፈሳሽ እንዲሁ አይደፋም። ጭቃው ይዝቀጣል፣ ላዩ ወደ ሌላ በርሜል ይቀዳል፣ በአሲድ ይመጣጠናል፣ ፒኤቹ በአካባቢው የፍሳሽ ደንብ ልክ ሲሆን ብቻ ይለቀቃል። 5,000 ሊትር ሲመጣጠን የሚበላው አሲድ ከሶዳው የማይተናነስ ነው፤ በመጀመሪያው በጀት ላይ ግን አልነበረም።

ለለጋሾች የግማሽ ዓመት ሪፖርት። መልሕቁ ገንዳ ውስጥ ነው፤ ፎቶው ከባለፈው ፎቶ አይለይም። ለጋሽ በፎቶ ለውጥ ካልታየው ሥራ እንደቆመ ያስባል። በፎቶ ፋንታ ግራፉ ተላከ፣ ከሥሩ ሦስት መስመር ማብራሪያ፦ እስካሁን ስንት ግራም ክሎራይድ ወጣ፣ መስመሩ ምን ይመስላል፣ ቀጣዩ ፈሳሽ ለውጥ መቼ ነው። ለንጽጽር የእንግሊዝ ጥንታዊ የጦር መርከብ ሜሪ ሮዝ ተጠቀሰች፦ በ1982 እ.ኤ.አ. ከባሕር ወጣች፤ የእንጨቷን መልክ የሚይዘው የፖሊኢትሊን ግላይኮል ርጭት የቆመው በ2013 ነው። ብረቱ የራሱ ጊዜ አለው፤ ግን የዓመታት ሥራ መሆኑን ያ ቁጥር ከገጽ ሙሉ ማብራሪያ በላይ ያስረዳል።

ወር 7፦ የመስታወት ሣጥኑ

ሣጥኑ ሲታይ የሚያምር የኦክ ሥራ ነው። ውስጡ የተቀመጠው የመርከብ ሞዴል ላይ ያሉት ትናንሽ መድፎች፣ መልሕቆችና ጌጦች የእርሳስ (ሊድ የሚባለው ብረት) ናቸው። ከሦስቱ መድፎች አንዱ አፉ ላይ ነጭ ዱቄት አለ፤ በማጉያ ሲታይ ዱቄቱ ከመድፉ ገጽ ላይ በቅሏል፣ ሥሩ ያለው እርሳስ ተቦርቡሯል። ብሩሽ ሲነካው እንደ ጤፍ ዱቄት ይበናል።

ምክንያቱ ሣጥኑ ራሱ ነው። ኦክ አሴቲክ አሲድ ይተነፍሳል፤ ኤምዲኤፍና ኮምፖንሳቶ ደግሞ ፎርሚክም ጭምር። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይጠራቀማል፤ እርሳስ ወደ እርሳስ ካርቦኔት ይለወጣል። የመስታወቱ ማጣበቂያ ሲሊኮንም ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ነበር፤ እሱም ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ይለቃል። ገለልተኛ የሚባለው ዓይነት ነው የሚገባው።

ዱቄቱ መርዝ ነው። በአፍ አይነፋም። ጓንት፣ ፒ3 ማስክ፣ ሄፓ ፊልተር ያለው ቫኩም። ሞዴሉ ወጣ፣ እርሳሶቹ አየር በሚዘዋወርበት የብረት ካቢኔ ውስጥ ተቀመጡ።

ሣጥኑ ግን የለጋሽ ነው፣ ስሙም ላዩ ላይ ተቀርጿል። «አይሆንም» ብሎ መመለስ አንድ መንገድ ነው፤ ለወደፊቱ ግን ቤተሰቡን ያርቃል። የኦዲ ምርመራ፣ ማለትም የሣጥኑ ቁስ ብረቶችን ይጎዳ እንደሆነ የሚፈትሽ ሙከራ፣ ተሠራ፦ 2 ግራም የእንጨቱ ፍርፋሪ ከትንሽ ውኃ ጋር በጠርሙስ፣ ከብር፣ ከመዳብና ከእርሳስ ላሜራ ጋር ታሽጎ 28 ቀን በ60 ዲግሪ። ከባዶው ጠርሙስ ያለው እርሳስ እንደነበረ ወጣ፤ ከኦኩ ጋር ያለው ነጥቷል። ሁለቱ ላሜራ ጎን ለጎን ለለጋሹ ታዩ፤ ሌላ ማስረዳት አላስፈለገም። ሣጥኑ ለእርሳስ ላልሆኑ ነገሮች፣ ለምሳሌ ለእንጨት የመርከብ መሣሪያዎች፣ ተመደበ፤ ከውስጥ በአሉሚኒየም ፊልም ተሸፈነ፣ ከሥር አየር መተንፈሻ ተሠራለት። ሞዴሉ ዱቄት ቀለም በተቀባ የብረትና የመስታወት ሣጥን ገባ። የስም ሰሌዳዎች ከዚህ በኋላ ማሳያው ላይ ሳይሆን መቆሚያው ላይ ይሰቀላሉ። ዕቃ ሲዘዋወር ስሙ የት እንደሚሄድ ያለው ጭቅጭቅ ቀረ።

ወር 8 እና 9፦ እንፋሎት

የጀልባው ጎድኖች፣ ማለትም ጣውላው የሚቸነከርባቸው የታጠፉ እንጨቶች፣ ብዙዎቹ ተሰብረዋል። አንድ ለጋሽ ምርጥ ኦክ በዓይነት ሰጠ። ሰሌዳው ሲታይ እንከን የለሽ ነው። መለኪያው ላይ ግን 8 በመቶ፤ በምድጃ የደረቀ ነው። እንፋሎት ሊግኒንን፣ ማለትም የእንጨቱን ቃጫ የሚያያይዘውን፣ አለስልሶ እንጨቱ እንዲታጠፍ የሚያደርገው ውስጡ እርጥበት ሲኖር ነው። በምድጃ የደረቀ ኦክ ውስጡ ስለጠነከረ ይሰነጠቃል፤ የተሞከረው ሁሉ በውጭ ገጹ ላይ ቃጫው ተነስቶ ተቀደደ። በየሌሊቱ ማርጠብ ብዙም አልረዳም።

በቀጭኑ ተሰንጥቆ በኮላ የተደራረበ ጎድን መሥራት ይቻላል፤ ጠንካራም ነው። ለሙዚየም ጀልባ ግን ሌላ ነገር ሆኖ ይታያል። ትኩስ ኦክ፣ ከተቆረጠ ብዙ ያልቆየ፣ በታሰረው ገንዘብ ተገዛ። የተሰጠው ደረቅ ኦክ ባክኖ አልቀረም፤ የጀልባው መቆሚያ ሆነ። ለጋሹ ስሙ በመቆሚያው ላይ ነው። መቆሚያው ከእርሳስና ከሞዴሎች አዳራሽ ርቆ እስካለ ድረስ ጉዳት የለውም።

የእንፋሎት ሣጥኑ ከጣውላ ተሠርቶ በሁለቱም ጫፍ በጨርቅ ይዘጋል። ልኩ የታወቀ ነው፦ በየ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት። ለ22 ሚሊ ሜትር ከ50 ደቂቃ በላይ ትንሽ። ከሣጥኑ ከወጣ በኋላ ያለው ጊዜ ደቂቃ አይሞላም፤ ሞርሳዎቹ ተከፍተው፣ ሰዎች በቦታቸው ቆመው ነው በሩ የሚከፈተው። ከመጠን በላይ መቀቀልም ያበላሻል፤ እንጨቱ ይፈረካከሳል። ጥሩ የታጠፈ ጎድን ከሚፈለገው ትንሽ በላይ ይታጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ስለሚመለስ።

በጣውላዎቹ መካከል ባለው ስፌት ላይ የጥጥ ፈትል ገባ፣ በላዩ ስቱኮ። ደረቅ የጀልባ አካል ላይ ፈትሉን በሙሉ ኃይል መግጠም አይገባም። ጀልባው አንድ ቀን ውኃ ውስጥ ከገባ እንጨቱ ያብጣል፣ ቦታ ሲያጣ ጎድኖቹን ይሰብራል። ለማሳያ ብቻ ቢሆንም ይህን የሚከለክል ነገር መሥራት የለብንም።

ወር 10፦ ፓምፑ

የገንዳው ማማሰያ ፓምፕ ቆመ። ማኅተሙ ለኮስቲክ ሶዳ የማይሆን ጎማ ነበር፤ ኢፒዲኤም የሚባለው የጎማ ዓይነት መሆን ነበረበት። የመልሕቁ ገንዘብ ሁለተኛ ክፍያ በመጪው ወር ነው የሚገባው፤ ቃል የተገባ ገንዘብ ደግሞ ፓምፕ አይገዛም። የከፈለው ያ ትንሹ ያልታሰረ ገንዘብ ነው። በዚህ ዓመት እሱ የከፈለው ይህ ነው፦ የፓምፑ ማኅተም፣ ለገመዱ ርዝራዥ ሳጥንና የምርመራ ወጪ፣ ለፍሳሽ አሲድ፣ ለእርሳሱ ማስክና ፊልተር፣ ለኦዲ ምርመራ ላሜራ። ከነዚህ አንዳቸውም ስም አይሰቀልባቸውም፤ አንዳቸው ቢጎድሉ ግን ስም የተሰቀለበት ሥራ ይቆም ነበር። የሚቀጥለው ዓመት የእያንዳንዱ የታሰረ ስጦታ በጀት ውኃን፣ ኃይልን፣ ፍሳሽንና ክትትልን በራሱ መስመር ይዞ ነው ለለጋሽ የሚቀርበው። ቁጥሩ ያድጋል፤ አንዳንዱ ለጋሽ ሊደነግጥ ይችላል። እንደዚያም ሆኖ በዓመቱ አጋማሽ ከመለመን ይሻላል።

ወር 11፦ የለጋሾች ቀን

ጎብኚ ካለ ከረንቱ ከሰዓታት በፊት ይጠፋል፣ ፋኑ አይጠፋም። ለአጭር ጊዜ ከረንት መቋረጡ በ2 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ያለን ብረት አይጎዳውም፤ ፈሳሹ ራሱ ከዝገት ይጠብቀዋል። የቀረቡት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ከመጀመሪያው ፈሳሽና ከአሁኑ የተወሰዱ ሁለት የምርመራ ቱቦዎች፣ ሁለቱ የእርሳስ ላሜራዎች፣ የተቀደደው ደረቅ ጎድን ከታጠፈው ጎን። ብር ናይትሬቱ በፊታቸው ጠብ ሲል የመጀመሪያው ቱቦ ወዲያው ነጣ፤ የሁለተኛው ደመና ግን ከኋላው የተያዘ ጋዜጣ ያስነብባል። ጥያቄው ሁሉ እነዚህ ላይ ነበር፤ የተዘጋጀውን ስላይድ የጠየቀ የለም።

ወር 12፦ የቀረው

የጀልባው ጉብጠት ከ38 ወደ 11 ሚሊ ሜትር ወርዷል። ከዚህ በላይ መግፋት አልተመረጠም፤ የቀረው እንጨቱ ራሱ የለመደው ቅርጽ ነው። ከኪሉ አጠገብ ያሉት ሁለት ጣውላዎች አልተተኩም፤ እንጨቱ ተገዝቶ በጥላ እየደረቀ ነው፣ ወደ 14 በመቶ ሲጠጋ ይገባል።

መልሕቁ ገና ገንዳ ውስጥ ነው። የአሁኑ ፈሳሽ ግራፍ አልተኛም። ሲጨርስ የሚጠብቀው በተጣራ ውኃ ተደጋጋሚ እጥበት፣ ከዚያ ታኒክ አሲድ፣ ከዚያ ሰም ነው። ትንሽ ዕቃ በቀለጠ ማይክሮክሪስታሊን ሰም ውስጥ ይነከራል፤ የ3 ሜትር መልሕቅ የሚነከርበት የጋለ ሰም ገንዳ ግን የለም። በሙቀት አማቂ እየሞቀ በብሩሽ መቀባት አንዱ መንገድ ነው፣ ኢፖክሲ ሌላው። ኢፖክሲ በኋላ ማንሳት ስለሚያስቸግር ሰሙ ይመረጣል። ለሙከራ ከቅርፊቱ ጋር የወጣ የብረት ቁራጭ በሁለቱም ተቀብቶ እርጥበት ክፍል ውስጥ ተቀምጧል።

ለቀጣዩ ሩብ የሚታዘዘው፦ 125 ኪሎ ኮስቲክ ሶዳ፣ አዲስ የብረት ወንፊት ለሁለት ጎን፣ የኢፒዲኤም ማኅተም ሁለት (አንዱ ለመጠባበቂያ)፣ ብር ናይትሬት፣ የመዳብ ሪቬት ከነሮንዴላው። የገመዱ ርዝራዥ ያለበት ሳጥን ውኃ በየወሩ ይቀየራል፤ ለሕክምናው የተለየ የገንዘብ ጥያቄ ተጽፎ ለቦርዱ ቀርቧል።